ተያዡ ማን ነው?

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ቸኩያለሁ የሚል ይለፈው። ስልኩ ላይ «ኤአይ ይነግድልሃል፣ አንተ ተኛ» የሚል ነገር የጫነ ሰው ግን ሳይጨርስ እንዳይሄድብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ስለ ክሪፕቶ አራት መስመር ጽፌ ነበር። ከሥሩ አንድ የድሮ ተማሪዬ መጣ። አሁን ውጭ አገር ነው፤ ጎበዝ ልጅ፣ በመዝገብ አያያዝ ትምህርት ማንም አይደርስበትም ነበር። እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ የሚያወሩት ስለ ድሮው ክሪፕቶ ነው። አሁን የሚነግዱት ኤጀንቶች ናቸው። አይተኙም፣ አይሰርቁም፣ አይዋሹም። ድሃውን ከባንክና ከደላላ የሚገላግሉት እነሱ ናቸው። ኮዱ ራሱ ሕግ ነው።» ብዙ ሰው ላይክ አደረገለት። ላይክ ካደረጉት ውስጥ ደግሞ ሌሎች ተማሪዎቼ አሉ፤ ስማችሁን አይቻለሁ።

ልጄ፣ ይህ በኮሜንት የሚመለስ አይደለም። ኤረር በር ይዤህ ልሂድና እዚያ ልመልስልህ።

ለማታውቁት፦ ኤረር በር ከጀጎል አምስቱ የጥንት በሮች አንዱ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ወደ ኤረር ሸለቆ የሚያወጣው። ሐረሪዎቹ አርጎብ በሪ ይሉታል። ከበሩ አጠገብ ጫቱም አትክልቱም መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። እዚያ አንዲት ፓፓያና ማንጎ የምትሸጥ ሴት አለች። የስንት ዓመት ደንበኛዬ ናት። ልጇንም አስተምሬዋለሁ። ስሟን አልጠራም፤ እናንተም አትፈልጓት፣ የሐረር ልጅ ወሬ ሲወድ አውቃለሁ።

ይቺ ሴት እቁብ ትጥላለች። ሳምንት 2 ሺህ ብር፣ አርባ ሰው። ዕጣው በዘጠነኛው ሳምንት ወጣላትና 80 ሺህ ብር ተቀበለች። ሐሳቧ ከመሬት ተነሥታ አንዲት ትንሽ ሱቅ መከራየት ነበር። ልጁ በአካውንቲንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ያጣ ልጅ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል አገኘ። የሚነግደው ሰው አይደለም፣ ኤአይ ኤጀንት ነው ተባለ። ቀን ከሌት ገበያ ይከታተላል፤ ሲረክስ ይገዛል፣ ሲወደድ ይሸጣል፤ ስሜት የለውም፣ አይፈራም፣ አይስገበገብም። ልጁ ለእናቱ አስረዳት። እሷም «አቦ፣ እኔ ስተኛ እሱ ከነገደ ምን ከፋኝ?» አለች። ብሩ ወደ ዩኤስዲቲ ተቀየረና ገባ።

ሦስት ሳምንት ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ አዩ። ማታ ማታ ልጇ ያሳያት ነበር። ሱቁን ተዋዋለች። ከዚያ «ገንዘቤን ላውጣ» ሲሉ መጀመሪያ ግብር ክፈሉ ተባሉ፤ 15 ሺህ ብር። ተበድራ ከፈለች። በማግስቱ ቻናሉ የለም። ኤጀንቱም የለም። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ተረት እኮ ቢያንስ ላሚቱ የማን እንደሆነች ይናገራል።

ፖሊስ ጣቢያ አብሬያቸው ሄድኩ። ተረኛው ወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ። ቅጹን አወጣና «ማን ላይ ነው የምታመለክቱት?» አለ። ልጁ ስልኩን አሳየው። «ይሄ የሰው ስም ነው?» «አይ፣ የኤጀንቱ ስም ነው።» «አድራሻ?» ልጁ ረጅም የዋሌት ቁጥር አሳየው፤ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት፣ መስመር የሚሞላ። ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልፈርድበትም። ቅጹ «ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ» ነው የሚለው።

አሁን የምትለኝን አውቃለሁ። «ቲቸር፣ ይሄ ተራ ማጭበርበር ነው፤ እውነተኛ ኤጀንት አይደለም።» እስማማለሁ። ከጀርባው ምንም ኤጀንት ያለ አይመስለኝም፤ ሰው ነው የበላት። ግን አንድ ነገር መልስልኝ። ሌባው ከዓለም ጭምብል ሁሉ መርጦ ያንን ለምን አጠለቀ? ድሮ ቢሆን የዶክተር ወይም የባለሀብት ስም ይሰጠን ነበር። ዛሬ «ከጀርባዬ ሰው የለም» ማለቱ ራሱ ማስታወቂያ ሆኖለታል። ሰው አለመኖሩን እንደ ቅድስና የሰበካችሁላት እናንተ ናችሁ። «አይዋሹም፣ አይሰርቁም» የሚለው ያንተ ቃል እኮ በቻናሉ ላይም ተጽፎ ነበር።

እሺ፣ ሌባውን እንተወውና ወደ እውነተኞቹ እንምጣ። ክርክሬ እዚያ ነውና።

ኤጀንት የሚባለው ምንድን ነው? ለማያውቁት በአጭሩ፦ እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ቋንቋ የሚገባው ፕሮግራም አለ። እሱ ላይ ማስታወሻ ይጨመርለታል፣ የትናንቱን ዛሬ እንዲያስታውስ። ግብ ይሰጠዋል፣ «ይህን ገንዘብ አባዛ» ተብሎ። ከዚያ የዋሌት ቁልፍ ይሰጠዋል። ከዚህ በኋላ ማንም ሳይጠይቀው ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ያበድራል፣ ለሌላ ኤጀንት ይከፍላል። ስልክህን ብትዘጋው አይቆምም፤ ሌላ ቦታ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ነው ያለው።

ታዲያ ለምን በብሎክቼይን? ለምን በባንክ አይሆንም? ሁሉም የሚያልፈው ጥያቄ ይሄ ነው። ባንክ ሄደህ ሒሳብ ልክፈት ስትል ፎቶ ይልሃል፣ መታወቂያ ይልሃል፣ አሁን ደግሞ ፋይዳ ይልሃል። ማሽን ይህን አያመጣም። ብሎክቼይን ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁልፍ። ቁልፉን የያዘ ባለቤት ነው። ሰው ይሁን፣ ድርጅት ይሁን፣ ማሽን ይሁን፣ ሌባ ይሁን አያገባውም። ማሽኖቹ እዚያ የሰፈሩት ቤቱ ስላማረ አይደለም። በር ላይ «ማን ነህ?» የሚል ስለሌለ ነው።

እዚህ ላይ የኤረር በርን ታሪክ ላስታውስህ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1855 ሐረር የገባው በዚሁ በር ነው። የበሩ ጠባቂ ዝም ብሎ አላሳለፈውም። ማን እንደሆነ ጠየቀው፣ ወደ አሚሩ ሄዶ እስኪመለስ ደጅ አስጠበቀው። በርተን ከኤደን ከእንግሊዝ ሹም የተላክሁ መልእክተኛ ነኝ፣ ደብዳቤም ይዣለሁ ብሎ ነው የቀረበው። ደብዳቤውን መንገድ ላይ ራሱ እንደጻፈው በኋላ በመጽሐፉ ተናግሯል። ይኸው፣ ሐሰተኛ ወኪል! ግን ልብ በሉ፤ ደብዳቤው ሐሰት ቢሆንም አንገቱ እውነተኛ ነበር። ውሸቱ ቢታወቅ የሚያዝ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። አሚር አሕመድ ፊት ሲቀርብም ይህንን ያውቅ ነበር፤ ከተማዋ ውስጥ በቆየባቸው ቀናት ሁሉ በሰላም እወጣ ይሆን እያለ ነው የሰነበተው። በከተማዋ የሚሠራው ገንዘብ መሐለቅ የሚባል የነሐስ ሳንቲም እንደነበረና በሌላ ገንዘብ የሚገበያየውን አሚሩ አጥብቆ ይቀጣ እንደነበር የጻፈልንም እሱ ነው። የአሚሩ አገዛዝ ይመለስ እያልኩ አይደለም፤ አምላክ ያውጣን። ግን ገንዘቡንም እንግዳውንም «የማን ነህ?» የሚል ነበር።

«አይዋሹም፣ አይሰርቁም» ላልከው ደግሞ አንድ ምሳሌ ልስጥህ። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ፍሬይሳ የምትባል ኤጀንት ነበረች። ካዝና ተሰጣት፤ ትእዛዟ አንድ ነው፦ ምንም ቢሉሽ ገንዘቡን ለማንም እንዳትሰጪ። ማንም ሰው እየከፈለ ሊያናግራት ይችላል፤ ያሳመናት ካዝናውን ይወስዳል። 481 ጊዜ ተሞከረ፣ እምቢ አለች። በ482ኛው ሙከራ አንዱ ብልጥ መጣ። ገንዘብ የሚያስወጣውን ትእዛዝ «ይሄ እኮ ገንዘብ ሲገባ የምትጠሪው ነው» ብሎ ትርጉሙን ገለበጠባት። ቀጠለና «100 ዶላር ላዋጣልሽ ነው» አላት። ደስ ብሏት ካዝናውን ከፈተችለት። 47 ሺህ ዶላር ገደማ። ጨዋታ ነበር፣ ሕጉም ስለሚፈቅድ ማንም አልተሰረቀም። ግን እስቲ ንገረኝ፤ ያቺ ፓፓያ ሻጭ «ልስጥህ ነው» የሚል ሰው እጇን ወደ መቀነቷ እንድትልክ ያደርጋታል? ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ አትለይም?

ኤጀንቱ አልዋሸም፣ አልሰረቀም፤ ልክ ነህ። ተታለለ። አማላይ ቃል የሰማ ቁልፍ ያዥ ሆነ። ስንቱን የንብረት ክፍል ሠራተኛ በዚህ አስረነዋል? ያኛው ግን ይታሰራል። ፍሬይሳን ምን ታደርጋታለህ?

ሌላም አለ። በ2017 መጀመሪያ ገደማ ትሩዝ ተርሚናል የሚባል ኤአይ ኤክስ ላይ የሚለጥፈው ቀልድ ዝነኛ ሆነ። ማርክ አንድሪሰን የተባለው የአሜሪካ ባለሀብት ከዚያ ቀደም ብሎ 50 ሺህ ዶላር በቢትኮይን ሰጥቶታል። ከዚያ ጎት የሚባል ቶከን ተነሣ። ማሽኑ አልፈጠረውም፤ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ፈጥሮ አመጣለት፣ ማሽኑ አዳነቀለት። የቶከኑ ጠቅላላ ዋጋ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ፣ ከዚያም ወረደ። ጋዜጦች «የመጀመሪያው ሚሊየነር ኤአይ» አሉት። እኔ የማየው ግን ያንኑ የድሮውን ነገር ነው፦ አዳናቂው ፊት ለፊት ቆሟል፣ አትራፊው ከኋላ ነው፣ የከሰረው ደግሞ ከማን ጋር እንደተጫወተ አያውቅም።

«ኮዱ ራሱ ሕግ ነው» ላልከውም መልስ አለኝ፤ መልሱ ደግሞ የራሳችሁ ሰዎች የሠሩት ነው። በ2008 ዓ.ም. ሰኔ ዘ ዳኦ የሚባለው፣ ያለ ሥራ አስኪያጅ በኮድ ብቻ የሚተዳደር የኢተሪየም ፈንድ ተዘረፈ። አንድ ሰው በኮዱ ውስጥ ቀዳዳ አገኘና 3.6 ሚሊዮን ኢተር አወጣ፤ በዚያን ጊዜ ዋጋ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ኮዱ ሕግ ከሆነ ሰውዬው ሕግ አክብሯል፤ ኮዱ ፈቅዶለታልና። ታዲያ ምን ተደረገ? ከወር ትንሽ ካለፈ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ ሰዎች ተሰብስበው ተከራከሩ፣ ድምፅ ሰጡ፣ ሰንሰለቱን ለሁለት ከፍለው ገንዘቡን ለባለቤቶቹ መለሱ። ያልተስማሙት በአሮጌው ሰንሰለት ቀሩ፤ ኢተሪየም ክላሲክ የሚባለው እሱ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ሲዘረፉ ሕጉ ኮድ መሆኑ ቀርቶ ሽማግሌ ሆነ። የኤረር በሯ ሴት ስትዘረፍ ነው ኮዱ የማይለወጥ ሕግ የሚሆነው።

ማሽን ሲሳሳት ምን እንደሚመስል እኛም አገር አይተናል። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ተበላሸ። ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሰዎች አወጡ፣ አስተላለፉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ መጠኑን 801 ሚሊዮን ብር አለው። ያን ሰሞን የተሳቀው ሳቅ ትዝ ይላችኋል። ግን ከሳቁ ኋላ የሆነውን ተመልከቱ። የባንኩ ፕሬዚዳንት ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው መልስ ሰጡ። ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው መልሱ አሉ። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ ተለጠፈ። ፎቶ መለጠፉ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ አልወደድኩትም። ቢሆንም በሁለቱም ወገን ስም ነበር፣ የሚጠየቅ ሰው ነበር። ያው ስህተት በሁለት ኤጀንቶች መካከል ቢፈጠር የማን ፎቶ ይለጠፋል?

ሃያ ስምንት ዓመት መዝገብ አያያዝ ሳስተምር ከዴቢትና ክሬዲት በላይ የደከምኩበት አንድ ነገር አለ፤ ታስታውሳላችሁ። የወጪ ማዘዣው ግርጌ ሦስት መስመር አለ፦ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። ስሌቱን በሙሉ ትክክል ሠርቶ እነዚያን ባዶ ለተወ ዜሮ እሰጥ ነበር። ታጉረመርሙ ነበር። አንተም አጉረምርመሃል! «ቲቸር፣ ድምሩ ልክ ነው እኮ» ብለኸኛል። ዛሬም የምትለኝ እሱኑ ነው። ድምሩ ልክ ነው። ማን ፈረመ?

ሕጋችንም ይህንኑ ነው የሚለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚጀምረው ሰው ከልደቱ እስከ ሞቱ ባለመብት ነው ብሎ ነው። ድርጅትም ሕግ ሰውነት ሲሰጠው ባለመብት ይሆናል፤ ግን መዝገብ አለው፣ አድራሻ አለው፣ ሥራ አስኪያጅ አለው። ስለ ውክልና በሚናገረው ክፍል ወኪል ማለት በሌላ ሰው ስም ሕጋዊ ሥራ ለመሥራት የተስማማ ሰው ነው። ሰው! ለወካዩ በፍጹም ቅን ልቦና የመሥራት ግዴታም አለበት። ቅን ልቦና የት ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጠው?

ከዚህም የሚብሰው አለ። በሕጋችን በመሠረቱ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ሐረርን የምታውቁ ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ። ከውጭ አገር የተላከ ውክልና፣ የሞተ ሰው ቤት፣ «ወኪሉ ነኝ» የሚል ዘመድ። ስንት ወንድማማች በዚህ ተካሷል። አሁን የመጣው ወኪል ደግሞ ባለቤቱ ሞቶ እንኳ የማያቆም ነው። ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው፤ የኮምፒዩተሩን ኪራይ ከራሱ ትርፍ ይከፍላል፤ ወካዩ ከተቀበረ በኋላም ይነግዳል። ሐዘን አይደርስ፣ ውርስ አያካፍል። እናንተ ይህንን «ዘላቂ» ብላችሁ ታሞካሹታላችሁ። እኔ ልጆቹ ንብረቱን ከማን እጅ ይቀበሉ እላለሁ።

በካናዳ አንድ አየር መንገድ በ2016 ዓ.ም. ፍርድ ፊት ቀረበ። የድረ ገጹ ቻትቦት ሐዘን ለደረሰበት መንገደኛ «ቲኬቱን ግዛ፣ ቅናሹን በኋላ ትጠይቃለህ» ብሎ የተሳሳተ ነገር ነግሮታል። ኤር ካናዳ ምን ብሎ ቢከራከር ጥሩ ነው? ቻትቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ኃላፊ የሆነ የተለየ አካል ነው! ዳኛው አልተቀበሉትም፤ የድረ ገጽህ አካል ነው፣ ክፈል አሉት። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ 800 የካናዳ ዶላር ገደማ። ግን ነገሩን አስተውሉ፤ ያ ትልቅ ድርጅት ለ800 ዶላር እንኳ «ማሽኑ ነው፣ እኔ አይደለሁም» ማለትን ሞክሯል። ሚሊዮን ሲሆንስ? መንገደኛው ያሸነፈው ድርጅቱ ስም ስላለው ነው።

ጠላታችሁ አድርጋችሁ አትዩኝ። እንዲያውም ይህ ሐሳብ ሲወለድ የእኛም ልጆች እጅ ነበረበት፤ ብዙዎቻችሁ አታውቁም። ሶፊያ የምትባለዋን ሮቦት ታስታውሳላችሁ? ሳዑዲ ዜግነት የሰጠቻት። ከሶፍትዌሯ የተወሰነውን የሠሩት አዲስ አበባ ያሉ የአይኮግ ላብስ ወጣቶች ናቸው፤ የነጌትነት አሰፋ ድርጅት። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ጠፍቶ ጉድ ተብሎ ነበር። እነዚሁ ሰዎች ከቤን ጎርትዘል ጋር ሲንጉላሪቲኔት በሚባለው ላይም ሠሩ፤ ኤአይዎች እርስ በርስ ሥራ የሚሰጣጡበትና በቶከን የሚከፋፈሉበት የብሎክቼይን ገበያ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2017 ቶከኑ ለሽያጭ ሲቀርብ በአንድ ደቂቃ ገደማ 36 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ። ኮራሁ፤ ክፍል ውስጥ ጭምር ተናግሬያለሁ። አሁንም እኮራለሁ። ያ ገበያ ሲመሠረት ግን ከኋላው ስማቸው የሚታወቅ፣ መድረክ ላይ ወጥተው የሚጠየቁ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ የሚበዛው ይህ የሌለው ነው።

አንተ ስለ ሐዋላ ያልከውም እውነት አለበት። እናትህ እዚህ፣ አንተ እዚያ፤ ለመላኪያ የሚቆረጠው ያናድዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይመንዘር ከተባለ በኋላም በባንኩና በውጭው ምንዛሪ መካከል ያለው ልዩነት ሰውን ወደ ጓዳ መንገድ ይገፋዋል። ማታ ተቀምጦ የትኛው መንገድ እንደሚረክስ የሚያሰላልህ ኤጀንት ካለህ ተጠቀምበት፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ያስላ። ይምከር። ዋጋ ያወዳድር። ገንዘቡ ከመንቀሳቀሱ በፊት ግን አንተ ተጫን። ያ አንድ መጫን ቀላል እንዳይመስልህ፤ የፈረምክበት እሱ ነው።

መንግሥትንም አልተውም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሰኔ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። የኤሌክትሪክ ኃይል ደግሞ ለቢትኮይን ቆፋሪ ኩባንያዎች መብራት በዶላር ሲሸጥ ከረመ። በእኛ መብራት በተቆፈረው እኛ መገበያየት ክልክል ነው ማለት ነው። ክልከላ ብቻውን ምን አደረገ? ሰውን ወደ ቴሌግራም ጓዳ ገፋው። የተዘረፈው ሰው ደግሞ «ሕገ ወጥ ነገር ስትሠራ ነበር» እንዳይባል ፈርቶ ዝም ይላል። እኛም ጣቢያ ስንሄድ ልጁ መንገድ ላይ «ቲቸር፣ እኔንስ አያስሩኝም?» እያለ ነበር።

እኔ የምጠይቀው ከባድ አይደለም፤ እቁብ የሚያደርገውን ነው። እቁብ ዕጣ ቀድሞ ለወጣለት ሰው ብሩን ሲሰጥ ዋስ ጥራ ይላል። አያምነውም ማለት አይደለም፤ ቢሞትስ፣ ቢታመምስ፣ ቢጠፋስ ማለት ነው። የቤት ሠራተኛ ስንቀጥር ተያዥ እንላለን። ባንክ ገንዘብ ያዥ ሲቀጥር ዋስ ይላል። የሰውን ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ማንኛውም ኤጀንትም ተያዥ ይጥራ። ስሙና አድራሻው የተመዘገበ ሰው ወይም ድርጅት፣ ማሽኑ ላጠፋው «እኔ አይደለሁም» የማይል። ኤጀንቱ በቀን ከዚህ በላይ አያንቀሳቅስም የሚባል ልክ ይኑረው። ተያዡ ሲሞት ወይም ሲፈርስ ይቁም፤ ቁልፉ ለወራሽ ይሂድ። ቻናል ላይ «ኤአይ ይነግድልሃል» ብሎ የሚያስተዋውቅም ስሙን ይጻፍ፤ ብሩን ባይወስድም ያደነቀውን ይጠየቅበት። ይህን የሚችል ኤጀንት ካለ ይምጣ፣ ይነግድ። ተያዥ ማግኘት የማይችል ከሆነ ፈጣሪው ራሱ አላመነውም ማለት ነው፤ እኔ ምን ቤት ነኝ የማምነው?

«ይሄ ፈጠራን ይገድላል» ልትለኝ ነው። እቁብን ዋስ አልገደለውም። ስንት ባንክ ሲከፈትና ሲዘጋ እቁብ እዚያው ቆይቷል።

አንድ ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ። የዚያች ሴት ዋስ እኔ ነኝ። ብሩን ስትቀበል የእቁቡ ዳኛ «ዋስ?» ሲል ፈርሜላታለሁ። ያኔ ሠላሳ አንድ ሳምንት ይቀራት ነበር፤ አሁን ሃያ ሁለት ነው። ሱቁ ቀርቷል። ተመልሳ መሬት ላይ ነው የምትሸጠው፤ አሁን ደግሞ ማለዳ ቀደም ብላ ትመጣለች። ባለፈው ቅዳሜ 600 ብር ጎደለባትና ከጡረታዬ ሞላሁ። እሷ ደግሞ ሰኞ ዕለት በፌስታል ፓፓያ ይዛ ቤቴ ድረስ መጣች። «ስንት ልሰላልሽ?» ብላት «ዝም በል፣ ሒሳብ ነው» አለችኝ።

የልጁን ነገር ጠይቃችሁኛል፤ ደህና ነው፣ ግን ከቤት አይወጣም። መዝገብ የሚይዝለት ሰው የሚፈልግ ነጋዴ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ተያዥ ከጠየቃችሁ እኔ አለሁ።